ቴሌቪዥን ስንገዛ፦ ካርቶኑ የሚለውና ስክሪኑ የሚያሳየው

ቢስሚላሂ ር-ረሕማኒ ር-ረሒም



በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለ ቴሌቪዥን ነው። በቴሌቪዥን ምን ማየት ይፈቀዳል፣ ምንስ አይፈቀድም የሚለው ጉዳይ ዑለሞቻችን በየጊዜው ያስተማሩበት በመሆኑ ለእነርሱ እንተወውና ከዚያ አስቀድሞ በሚመጣው ነገር፣ ማለትም በግዢው ላይ እናተኩር። ቴሌቪዥን ብዙ ገንዘብ ከሚጠይቁ የቤት ዕቃዎች አንዱ ነው። ገንዘቡ ደግሞ አባት ከደመወዙ ወር በወር ያጠራቀመው፣ ወይም እናት ዕቁብ ደርሷት ያገኘችው፣ ወይም በዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት ከእንቅልፏ ቀንሳ የላከችው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ገንዘብ በእጃችን ላይ ያለ አማና ነው።

ሱቅ ስንገባ ግን የሚጠብቀን የፊደልና የቁጥር ጋጋታ ነው። «ኤች ዲ»፣ «ፉል ኤች ዲ»፣ «4ኬ»፣ «ዩ ኤች ዲ»፣ «8ኬ» የሚሉ ጽሑፎች በየካርቶኑ ላይ በትልልቁ ይነበባሉ። ሻጩ «ይሄኛው 4ኬ ነው» ይላል፤ ገዢው ራሱን ይነቀንቃል፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም አያውቁትም። ስለሆነም በቅድሚያ ቃሉን እንረዳ፤ ከዚያም ማንኛውም ገዢ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎችን እናያለን።

ሪዞሉሽን ማለት ምን ማለት ነው?

ወደ ቴሌቪዥን ስክሪን በጣም ተጠግቶ የተመለከተ ሰው ምስሉ እጅግ በጣም ጥቃቅን ከሆኑ ነጠብጣቦች የተሠራ መሆኑን ያስተውላል። እነዚህ ነጠብጣቦች ፒክስል ይባላሉ። አንድ ፒክስል በአንድ ቅጽበት የሚያሳየው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ሪዞሉሽን ማለት እንግዲህ የፒክስሎቹ ብዛት ነው፤ ይኸውም ወደ ጎን ስንት፣ ከላይ ወደ ታችስ ስንት እንደተደረደሩ የሚገልጽ ነው።

ለምሳሌ ያህል የቁርኣን ገጽ እንውሰድ። በየቤታችን የሚገኘው የመዲና ሙስሐፍ አንዱ ገጽ 15 መስመር አለው። ይህ ገጽ ከላይ እስከ ታች ስክሪኑን ሞልቶ ይታይ እንበል። የድሮው ቴሌቪዥን ከላይ ወደ ታች ያለው 576 የምስል መስመር ስለሆነ ለአንዱ የሙስሐፍ መስመር 38 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል። በፉል ኤች ዲ 72፣ በ4ኬ ደግሞ 144 ይደርሰዋል። አንድ ሐረካ የመስመሩን ቁመት አንድ አሥረኛ ይይዛል ብንል፣ በድሮው 4 ፒክስል እንኳ አይሞላም፤ በፉል ኤች ዲ 7፣ በ4ኬ 14 ይሆናል። ባ፣ ታ እና ሣ የሚለያዩት በነጥባቸው ቁጥርና ቦታ ብቻ እንደሆነ ቁርኣን የቀራ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ፒክስሉ ሲያንስ ሁለቱ ነጥብ አንድ ይመስላል፤ ደማውና ሱኩኑም ይደበላለቃል። ልጁ ከቃሪኡ ጋር አብሮ ማንበቡን ትቶ መገመት ይጀምራል። የሪዞሉሽን ጥቅም ይህ ነው፤ ጥቃቅኑ ነገር ሳይጠፋ እንዲደርሰን ያደርጋል።

ስሞቹና ቁጥሮቹ

በገበያ ላይ የሚነገሩት ስሞች የሚከተሉት ናቸው።

1. ኤስ ዲ ወይም መደበኛው፦ 720 በ576። ሲባዛ 414,720 ፒክስል።

2. ኤች ዲ፦ 1280 በ720። ሲባዛ 921,600 ፒክስል። ባለ 32 ኢንች ሆነው ኤች ዲ የሚባሉት ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ 1366 በ768 ናቸው።

3. ፉል ኤች ዲ፦ 1920 በ1080። ሲባዛ 2,073,600 ፒክስል።

4. 4ኬ ወይም ዩ ኤች ዲ፦ 3840 በ2160። ሲባዛ 8,294,400 ፒክስል።

5. 8ኬ፦ 7680 በ4320። ሲባዛ 33,177,600 ፒክስል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «720» እና «1080» የሚባሉት ስሞች የተወሰዱት ከላይ ወደ ታች ካለው ቁጥር ነው። «4ኬ» የሚለው ግን ወደ ጎን ካለው ቁጥር፣ ወደ 4 ሺህ ከመጠጋቱ የተወሰደ ነው። የስያሜው አሰጣጥ ራሱ ተለውጧል ማለት ነው። በመሆኑም 4ኬ ከፉል ኤች ዲ ጋር ሲነጻጸር በጠቅላላ ብዛት 4 እጥፍ ቢሆንም፣ በአንዱ አቅጣጫ የሚበልጠው ግን እጥፍ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የጃፓን የብሮድካስት ድርጅት ኤን ኤች ኬ የከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን ምርምሩን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በኋላ ነበር። የሀገራችን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1957 ነው። ይኸው ኤን ኤች ኬ እ.ኤ.አ. በ2018 ታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ላይ መደበኛ የ8ኬ ሥርጭት ጀምሯል። ቴክኖሎጂው ወደፊት መሮጡን አያቆምም። ከኋላው መሮጥ ግን ግዴታችን አይደለም።

አንደኛው ጥያቄ፦ የስክሪኑ የራሱ ፒክስል ስንት ነው?

አንድ ቴሌቪዥን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሊኖሩት ይችላል። አንዱ ስክሪኑ ራሱ የተሠራበት የፒክስል ብዛት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከውጭ ሊቀበለው የሚችለው የምስል መጠን ነው። የሻይ ብርጭቆ ከጀሪካን ሊቀዳበት ይችላል፤ የሚይዘው ግን ያው አንድ ብርጭቆ ነው። 1366 በ768 የሆነ ስክሪንም እንዲሁ የፉል ኤች ዲ ምስል ሊቀበል ይችላል፤ ሲያሳየን ግን ወደ ራሱ መጠን አሳንሶ ነው።

ካርቶኑ ላይ ግን በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ትልቁ ቁጥር ነው። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 «ኤች ዲ ሬዲ» የሚል ምልክት በወጣ ጊዜ ለስክሪኑ የተጠየቀው ዝቅተኛ መጠን 720 መስመር ብቻ ነበር። ስለዚህ ምልክቱ ያለበት ቴሌቪዥን የ1080ን ምስል ቢቀበልም ሁሉንም ያሳያል ማለት አልነበረም። ነገሩ ግራ በማጋባቱ ሙሉ 1080 ላላቸው ስክሪኖች ሌላ ምልክት እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣላቸው። ዛሬም በአንዳንድ ርካሽ ቴሌቪዥንና ፕሮጀክተር ካርቶን ላይ «4ኬ ይደግፋል» የሚል ጽሑፍ እናገኛለን። «4ኬ ይደግፋል» እና «4ኬ ነው» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት የብዙ ብር ልዩነት ነው።

ታዲያ እንዴት እናረጋግጥ?

ሀ) በካርቶኑ ጎን ወይም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር በስልካችን ፎቶ እናንሳ። ከዚያም በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልገን የስክሪኑን ሪዞሉሽን የሚገልጸውን መስመር እናንብብ። «የሚቀበለው» ወይም «የሚደግፈው» በሚል የተጻፈው ቁጥር አያታልለን።

ለ) ከተቻለ ላፕቶፕ ይዘን በኤች ዲ ኤም አይ ገመድ እናገናኝ፤ በጣም ትናንሽ ጽሑፍ ከፍተንም ጠጋ ብለን እንይ። ስክሪኑ ፒክስሉ ካለው የፊደሉ ጠርዝ ቁርጥ ያለ ይሆናል። ከሌለው ፊደሉ እንደረጠበ ወረቀት ይዋኛል።

ሐ) ሻጩ በቃሉ የነገረንን በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልን እንጠይቅ። «የስክሪኑ ሪዞሉሽን 3840 በ2160» ብሎ ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ ለጥያቄያችን መልስ ሰጥቶናል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ወደ ቤታችን የሚገባው ምስል ምን ያህል ነው?

ስክሪኑ 4ኬ ሆነ እንበል። ከዲሹ፣ ከፍላሹ ወይም ከኢንተርኔቱ የሚመጣው ምስል ግን መደበኛው 720 በ576 ቢሆንስ? ስክሪኑ 8,294,400 ፒክስል መሙላት አለበት፤ የደረሰው 414,720 ብቻ ነው። ቁጥሮቹን ስናካፍላቸው ውጤቱ ልክ 20 ነው። ከየ20ው ፒክስል የአንዱ ያህል መረጃ ብቻ ከምንጩ የመጣ ሲሆን፣ የቀረውን የ19ኙን ያህል ቴሌቪዥኑ ራሱ ገምቶ ያሟላዋል ማለት ነው። ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች በዚህ ግምት ጎበዞች ሆነዋል። ይሁን እንጂ ያልደረሰውን ነገር ከራሱ አሟልቶ የሚያወራ ሰው ቢያምርለትም ራዊ አይባልም።

ይህን በአንድ ምስል እንየው። ብዙ ቤተሰቦቻችን የመካን ሐረም ቀጥታ ሥርጭት ይከታተላሉ። ካሜራው 20 ሜትር ስፋት ያለውን የመጣፉን ክፍል ያሳያል እንበል። በፉል ኤች ዲ ለአንድ ሜትር 96 ፒክስል ይደርሳል፤ ስለዚህ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው የሰው ፊት 14 ፒክስል ያህል ይኖረዋል። በመደበኛው 5 ብቻ ይደርሰዋል። በ4ኬ ከሆነ ደግሞ 29 ገደማ ይሆናል። በ5 ፒክስል ፊቱ ጠብታ ቀለም ነው። በ14 የሰው ፊት መሆኑ ይታወቃል። በ29 ጺሙም እንባውም ሊለይ ይችላል። ግን ይህ የሚሆነው ምስሉ ከመካ ሲነሳ በዚያ መጠን ተቀርጾ፣ በዚያው መጠን ተሰራጭቶ ቤታችን ከደረሰ ብቻ ነው። ስክሪኑ ብቻውን የሌለውን እንባ አይፈጥርም።

ከዚህ ጋር በተያያዘ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል።

በመጀመሪያ ገመዱን እንመልከት። በየቤቱ ሪሲቨሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኘው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ ምስሉን የሚያሳልፈው በቢጫው ሲሆን፣ ከመደበኛው ጥራት በላይ አያሳልፍም። ሪሲቨሩ ኤች ዲ፣ ጣቢያው ኤች ዲ፣ ቴሌቪዥኑ 4ኬ ቢሆን እንኳ በዚህ ገመድ ካለፈ ሁሉም ወደ 576 መስመር ይወርዳል። በኤች ዲ ኤም አይ ገመድ መቀየርና ከሪሲቨሩ ማስተካከያ ውስጥ የምስሉን መጠን ወደ 1080 ማድረግ ይገባል። አዲስ ቴሌቪዥን ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ይህን ቢያደርግ፣ አሮጌው ቴሌቪዥን በቂ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

በሁለተኛ ደረጃ ጣቢያውን እንመልከት። በሳተላይት ከምናያቸው ጣቢያዎች ከስማቸው ጎን «ኤች ዲ» የሚል ያላቸውና የሌላቸው አሉ። በ4ኬ የሚያሰራጩት ግን ዛሬም ጥቂት ናቸው። ቤተሰቡ አዘውትሮ የሚያያቸው ጣቢያዎች ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አስቀድሞ መቁጠር ጠቃሚ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ኢንተርኔቱን እንመልከት። በኢንተርኔት የፉል ኤች ዲ ፊልም ያለ መቆራረጥ ለማየት በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ለ4ኬ ደግሞ 15 ሜጋ ቢት ያህል። ይህ በሰዓት ሲሰላ የመጀመሪያው ከ2 ጊጋ ባይት በላይ፣ ሁለተኛው ወደ 7 ጊጋ ባይት ይጠጋል። ጥቅል በጊጋ ባይት ለሚገዛ ቤተሰብ የ4ኬ ዋጋ ሱቅ ውስጥ ተከፍሎ አያልቅም፤ በየወሩ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ የምንቀመጠው ምን ያህል ርቀን ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) ለዓይናችንም ልክ አድርጎለታል። ጤነኛ የሚባል ዓይን ሁለት ነገሮችን ነጣጥሎ ለማየት በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ 60ኛ ያህል ልዩነት ይፈልጋል። ከዚህ ያነሰውን አዋሕዶ ያየዋል። ስለሆነም ከስክሪኑ ስንርቅ ፒክስሎቹ ይዋሐዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ተጨማሪ ፒክስል ቢኖርም ባይኖርም ለዓይናችን አንድ ነው።

በዚህ ስሌት መሠረት ፉል ኤች ዲና 4ኬ ለተራ ዓይን አንድ መምሰል የሚጀምሩባቸው ርቀቶች በግምት እነዚህ ናቸው፦

ለ43 ኢንች፦ 1 ሜትር ከ70
ለ50 ኢንች፦ 2 ሜትር
ለ55 ኢንች፦ 2 ሜትር ከ20
ለ65 ኢንች፦ 2 ሜትር ከ60
ለ75 ኢንች፦ 3 ሜትር

ለ32 ኢንች ደግሞ 1366 በ768 የሆነው ከፉል ኤች ዲ መለየት የሚያቆመው ከ1 ሜትር ከ80 በኋላ ነው። 8ኬን ከ4ኬ ለመለየት በ75 ኢንች ስክሪን ፊት እንኳ ከ1 ሜትር ተኩል ቀርቦ መቀመጥ ያስፈልጋል። ዓይኑ ከዚህ የተሻለ ሰው ቢኖርም ልዩነቱ ሰፊ አይደለም።

እንግዲህ ቤታችንን እናስብ። ቴሌቪዥኑ በአንዱ ግድግዳ፣ መጅሊሱ ወይም ሶፋው በትይዩው ግድግዳ ነው። መካከሉ 3 ሜትር ከሆነ፣ በ43 ኢንች ስክሪን ላይ ለ4ኬ ብቻ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ለማንም ዓይን አይደርስም። ሰፈር ውስጥ የሚወራው «የእነ እከሌ 4ኬ ነው» የሚለው ወሬ ግን ይደርሳል። ዓይን ለማያየው ነገር ለወሬ ብሎ መክፈል ኢስራፍ ነው፤ ከዚያም አልፎ ወደ ሪያእ ይጠጋል።

በሌላ በኩል ነገሩን አናጋንን። በዛሬው ገበያ ከ50 ኢንች በላይ የሆኑ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ 4ኬ ሆነዋል። የፈለግነው ትልቅ ስክሪን ከሆነና 4ኬው በተቀራራቢ ዋጋ ከተገኘ መግዛቱ ምንም ነውር የለውም። መጠንቀቅ ያለብን በቁጥሩ ምክንያት ብቻ ዋጋው ሲሰቀል ነው። ሪዞሉሽኑ አንድ ዓይነት ሆኖ ጥቁሩን በደንብ የሚያጠቁር፣ ቀን በመስኮት ብርሃን የሚታይ፣ ከጎን ለተቀመጠም ቀለሙ የማይለወጥ ቴሌቪዥን ከሌላው በእጅጉ ይበልጣል። እነዚህ ነገሮች በካርቶኑ ላይ በትልቁ አይጻፉም፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ወደ ጎን ሄዶ በማየት ይታወቃሉ።

ለሚሸጡ ወንድሞቻችን

ከነጋዴዎቻችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች በመሆናቸው አንድ ቃል ለእነርሱ እንበል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ጣቶቻቸውን እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ሰውዬው በአፉ የዋሸው ውሸት በሐዲሡ ውስጥ አልተጠቀሰም። ያጠፋው ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ነው። «4ኬ ይደግፋል» የሚለውን በትልቁ አሳይቶ የስክሪኑን ትክክለኛ ቁጥር መደበቅም ከዚህ በምን ይለያል?

ካርቶኑን ያሳተመው ፋብሪካው ነው የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ጉድለቱን እያወቀ ዝም ብሎ የሸጠ ሰው ጉድለቱን ደብቋል። በፊቅህ መጻሕፍትም ገዢው የማያውቀው ጉድለት በዕቃው ላይ ሲገኝ የመመለስ መብት እንዳለው ኺያሩል-ዐይብ በሚል ርዕስ ተብራርቷል። በሐዲሥም ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ካብራሩ በሽያጫቸው በረካ እንደሚደረግላቸው፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ተነግሯል። «ወንድሜ፣ ለአንተ ቤት ይሄ ርካሹ ይበቃሃል» የሚል ነጋዴ በአንድ ዕቃ ላይ ጥቂት ትርፍ ያጣ ይሆናል፤ ደንበኛውን ግን ከነቤተሰቡ ያገኘዋል።

ማጠቃለያ

ውድ አንባብያን፣ ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ሜትር አውጥተን ከመቀመጫው እስከ ግድግዳው እንለካ። የሪሲቨራችንን ገመድ እንመልከት። የምናያቸውን ጣቢያዎች እንቁጠር። በዐረብ አገር ያለችው እህታችን «ምን ላምጣላችሁ?» ብላ ስትደውልም «ትልቁን» ከማለት ይልቅ ልኩን እንንገራት፤ ከደመወዟ የሚተርፈው ነገ ስትመለስ ለራሷ መቋቋሚያ ይሆናታል። ከራሳችን የተረፈው ገንዘብም ለልጆች መጽሐፍ፣ ለመድረሳ ክፍያ ወይም ለሰደቃ ብዙ ቦታ አለው።

ዕቃው ከተገዛ በኋላም የሚቀረን ጉዳይ አለ። የአዛን ድምፅ ሲሰማ ማጥፊያውን የሚጫን እጅ ከሌለ የፒክስሉ መብዛት ጥቅሙ ለማን ነው? አላህ (ሱ.ወ.) በሰጠን ዓይን መልካሙን የምናይ፣ በሰጠን ገንዘብም ልክን የምናውቅ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።